ሚኻይል ጽቬት፤ ቀለማትን በጠመኔ የለየው ሰው

ጠመኔ ከሰሌዳ ላይ ጽሕፈት ሌላ ምን ሥራ አለው ብላችሁ ታውቃላችሁ? የዛሬው ጽሑፌ በጠመኔ ዱቄት የኬሚስትሪን መንገድ ስለ ቀየረ አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚኻይል ጽቬት በ1872 አስቲ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሩሲያዊ ነበር። እናቱ በጨቅላነቱ ስለ ሞተችበት ያደገው በስዊዘርላንድ ነው። በ1896 ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ይዞ ወደ አባቱ አገር ሄደ። ምን ያደርጋል፣ የውጭ ዲግሪው በሩሲያ ተቀባይነት አላገኘም። እንደገና ተምሮ በ1901 ከካዛን ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ካገኘ በኋላ ዋርሶ ውስጥ ማስተማር ጀመረ።

ጽቬትን ዕረፍት የነሣው ጥያቄ የቅጠል አረንጓዴ ቀለም አንድ ነገር ነው ወይስ የብዙ ነገሮች ድብልቅ የሚለው ነበር። መልሱን ለማግኘት በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት ጠቀጠቀ። ከላይ የቅጠል ጭማቂ ጨመረ፤ ቀጥሎም ንጹሕ አሟሚ ፈሳሽ አፈሰሰበት። ነገሩ ወደ ገበያ አብረው እንደ ተነሡ ሰዎች ነው። አንዱ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ሲል ይዘገያል፤ ሌላው ሳይቆም ያልፋል። ከዱቄቱ ጋር አጥብቆ የሚጣበቀው ቀለም ወደ ኋላ ሲቀር፣ ያልተጣበቀው ቀድሞ ይወርዳል። በቱቦው ውስጥም አረንጓዴና ቢጫ ቀለበቶች ተደርድረው ታዩ። ክሎሮፊል ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑ ተረጋገጠ።

ይህን ዘዴ በ1903 ዋርሶ ላይ ለባለሙያዎች አስረዳ። በ1906 ደግሞ በጀርመን የዕፅዋት መጽሔት ላይ ክሮማቶግራፊ የሚል ስም ሰጥቶ አወጣው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በቀለም መጻፍ ማለት ነው። የሚገርመው የራሱ የቤተሰብ ስምም በሩሲያኛ ቀለም ማለት ነው።

ዘዴው ግን ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ በዓይን የሚታየው ቀለም ያለው ነገር ብቻ ነበር። ሁለተኛ፣ ቱቦው ይለያል እንጂ የተለየው ነገር ምን እንደ ሆነ አይናገርም። ሦስተኛ፣ ዱቄቱ በጥንቃቄ ካልተመረጠ ንጥረ ነገሩን ራሱን ይለውጠዋል። ጽቬት ከመቶ በላይ ዓይነት ዱቄቶችን የሞከረው ለዚህ ነበር።

ታዲያ ያሰናከለው ይኸው ሦስተኛው ነው። ታላቁ ጀርመናዊ ኬሚስት ሪቻርድ ቪልሽቴተር ዘዴውን ሲሞክር ክሎሮፊሉ ተለወጠበት። እርሱ በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ የጽቬት ቱቦ ግን ተረሳ። በዚያው ዓመት ጽቬት በጦርነቱ ምክንያት ዋርሶን ለቅቆ ወጣ። ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት ቆይቶ በ1919 ቮሮኔዥ ላይ በ47 ዓመቱ ሞተ።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ የቪልሽቴተር ተማሪ የነበረው ሪቻርድ ኩንና ባልደረባው ኤድጋር ሌደረር ሃይደልበርግ ውስጥ የተረሳውን ዘዴ አነሡ። አንድ ነገር ነው ሲባል የኖረውን ካሮቲን ከሁለት ለዩት። በ1952 ማርቲንና ሲንጅ ዘዴውን በማሻሻላቸው የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ዛሬ በሰውነት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሞለኪውሎች በጅምላ የሚያጠናው ሜታቦሎሚክስ ያለ ክሮማቶግራፊ ብዙ አይራመድም። በጋዝ የሚሠራው ክሮማቶግራፊ ሳይበላሽ ሊተን የሚችል ነገር ይፈልጋል። ማስ ስፔክትሮሜትር በጣም ጥቂቱን ነገር እንኳ ይመዝናል፤ ግን ግሉኮስና ፍሩክቶስ እኩል ስለሚመዝኑ በክብደት ብቻ አይለያቸውም። ቀድሞ የሚለይለት ቱቦ ያስፈልገዋል። ኒውክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስ ደግሞ ናሙናውን ሳያጠፋ የሞለኪውሉን አሠራር ያሳያል፤ ጥቂት ብቻ ያለው ነገር ግን ያመልጠዋል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል እንጂ ብቻውን የሚበቃ የለም።

እኔም በማስተማር ልምምድ ላይ የቅጠል ቀለም በወረቀት ለመለየት ሞክሬ ነበር። ወረቀቱን በጣም ስላጠለቅሁት የቀለሙ ነጥብ አልኮሉ ውስጥ ገብቶ ታጠበ። ተማሪዎቹ ፊት ላለማፈር ሙከራው አይሠራም ብዬ አለፍሁት። ለካስ ቪልሽቴተር የሠራውን ስሕተት መድገሜ ነበር እኮ! በማግስቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ፣ ነጥቡን ከፈሳሹ በላይ አድርጌ ደገምሁት። አረንጓዴውና ቢጫው ተለያዩ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ነገ ክፍል ስንገባ አንድ ሙከራ ሲከሽፍብን መጀመሪያ አሠራራችንን እንመርምር። ልጆቹ ፊት አይሠራም ብለን የዘጋነውን በር እነርሱ ተመልሰው ላይከፍቱት ይችላሉ። ለጽቬት እውነትና ንጋት እያደር ጠርቶለታል፤ እርሱ ግን ለማየት አልታደለም።