ዊትኒ ያንግ

ዊትኒ ሙር ያንግ ታናሹ (ሐምሌ 24 ቀን 1913 ዓ.ም. – መጋቢት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሥራ (ሶሻል ወርክ) ባለሙያ፣ መምህርና የጥቁር አሜሪካውያን የእኩልነት ትግል መሪ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በኬንታኪ ግዛት፣ ሊንከን ኢንስቲትዩት በተባለ የጥቁሮች አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ በዚያ አስተምሯል፤ በኋላም የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆኗል። እናቱም መምህርት ነበረች። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በ1904 የወጣ የግዛቱ ሕግ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች አብረው እንዳይማሩ ስለከለከለ ነበር። ያንግ በ1941 ከኬንታኪ የጥቁሮች የመንግሥት ኮሌጅ ሲመረቅ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበረው።

ሐሳቡን ያስለወጠው ጦርነቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ምህንድስና አስተማረው፤ ከዚያም ነጭ መኮንኖች በሚያዙት የጥቁር መንገድ ሠሪዎች ክፍል መደበው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተራ ወታደርነት ወደ ሻምበል ባሻነት ሲያድግ፣ እርስ በርስ በማይተማመኑት መኮንኖችና ወታደሮች መካከል ሸምጋይ የሚሆነው እሱ ሆነ። ወደፊትም በዚህ ዓይነት ሥራ ለመሰማራት ቆረጠ።

ከጦርነቱ በኋላ ባለቤቱ ማርጋሬት ወደምትማርበት የሚኒሶታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ተከታተለ። የተወለደበት ግዛት ዋና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር፤ በሩ በፍርድ ቤት የተከፈተው በ1949 ነው። ያንግ ግን በ1947 ሁለተኛ ዲግሪውን ሚኒሶታ ላይ ይዞ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ የሴንት ፖል ከተማ ኧርባን ሊግ ታሪክ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ድርጅቱ ራሱ ቀጠረው። ሥራው አሠሪዎችን እያነጋገረ ለጥቁሮች ዝግ የነበሩ የሥራ መደቦችን ማስከፈት ነበር። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ችግረኛ ቤተሰብን የሚጎበኝ ሠራተኛን ነው፤ ያንግ ግን ሙያውን ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጆች ቢሮ ሄደ።

በ1950 የኦማሃ ኧርባን ሊግ ኃላፊ ሆነ፤ ጎን ለጎንም በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1954 የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ዲን ሆነ። እዚያም የትምህርት ቤቱ ምሩቃን፣ ጥቁሮችን እምብዛም ባለመቅጠሩ የጆርጂያን የማኅበራዊ ደኅንነት ጉባኤ አንሳተፍም ሲሉ ከጎናቸው ቆሟል፤ ለአንድ ዲን ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

በ1961 የናሽናል ኧርባን ሊግ ዋና ዳይሬክተር ሆነ። በእሱ ዘመን የድርጅቱ ሠራተኞች ከ38 ወደ 1,600፣ ዓመታዊ በጀቱም ከ325,000 ወደ 6.1 ሚሊዮን ዶላር አደገ። በ1963 የዋሽንግተንን ሰልፍ ካስተባበሩት መሪዎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ከጦርነቱ በኋላ አውሮፓን ለማቋቋም እንደወጣው የማርሻል ፕላን ያለ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ሥራ፣ ትምህርትና መኖሪያ የሚውል የ10 ዓመት ዕቅድ አቀረበ። ገንዘቡ በብዛት ከትልልቅ ኩባንያዎች ስለሚመጣና ከፕሬዚዳንቶች ጋር ስለሚቀራረብ፣ ወጣት ታጋዮች ለነጮች ያደረ ነው እያሉ አጥብቀው ነቅፈውታል። ያንግ ግን ሥራ የሚሰጡትን ሳያነጋግሩ ሥራ ማግኘት እንደማይቻል ያምን ነበር።

በ1969 ከፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የነፃነት ሜዳሊያ ተቀበለ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። መጋቢት 1971 ለስብሰባ ሌጎስ፣ ናይጄሪያ በሄደበት ባሕር ላይ ሲዋኝ በ49 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ኬንታኪ ተወስዶ ሲቀበር የስንብት ንግግሩን ያደረጉት ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነበሩ።