ቢሾፍቱ ላይ አብራሪዎችን ያሠለጠነው ካውንት፦ ትንሿን አውሮፕላን ያልናቀው ሰው

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ፣ ሞጆን አልፋችሁ ቢሾፍቱ ስትደርሱ የአውሮፕላን ድምፅ መስማት ብርቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ሰፈር ሐረር ሜዳ እዚያው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም አዲሱን ግዙፍ አየር ማረፊያ ለመሥራት የመረጠው እዚሁ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ፓይለት መሆን ቢመኝ ማን ይፈርድበታል?

ፓይለት መሆን የሚመኝ ወጣት ደግሞ ቶሎ የሚጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ስቀጠር የትኛውን አውሮፕላን ይሰጡኛል? ፕሮግራሜስ ምን ይመስላል፤ ለራሴ የሚተርፈኝ ቀን ይኖራል?

ዛሬ የምናነሳው ሰው ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ነው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ይባላል። ስዊድናዊ ነው፤ ግን በረራ ሕይወቱን ካሳለፈባቸው ቦታዎች ትልቁን ድርሻ የያዘችው ቢሾፍቱ ናት። የሞተውም በኢትዮጵያ ምድር ነው። (ዓ.ም ካላልን በስተቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን የዛሬውን አሠራር በአጭሩ

አንድ ሠልጣኝ የሚጀምረው በትናንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ነው። ከዚያ ወደ ባለ ሁለት ሞተር ያልፋል። አየር መንገድ ሲቀጠር ደግሞ ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ለይቶ ይሠለጥንና በረዳት አብራሪነት ይመደባል። ሥልጠናው ውድና ረጅም ስለሆነ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ላብርር ማለት አይቻልም። ምደባውን የሚወስነው የአየር መንገዱ ፍላጎት ነው፤ የትኛው አውሮፕላን ላይ ሰው ጎደለ፣ አንተም እዚያ ትገባለህ።

እኛ አገር አዲስ ረዳት አብራሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የአገር ውስጥ መስመር በሚሠራው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ወይም በቦይንግ 737 ላይ ነው። ምደባው ኑሮንም ይወስናል። በአገር ውስጥ መስመር ላይ ያለው ድሬዳዋ ደርሶ፣ መቀሌ ሄዶ ማታ ቤቱ ሊያድር ይችላል፤ በቀን ግን ደጋግሞ ይነሳል፣ ደጋግሞ ያርፋል። በትልቁ አውሮፕላን ላይ ያለው ዋሽንግተን ድረስ ይሄዳል፤ የሚነሳውና የሚያርፈው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ከቤት የሚርቀው ግን ለቀናት ነው። በዓለም ላይ ባሉ ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ ፕሮግራም የሚመረጠው በቅጥር ዕድሜ ስለሆነ አዲሱ ልጅ የሚደርሰው ከሌሎች የተረፈው ነው። በዓል ቀን ስልኩን ይዞ ጥሪ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ስለዚህ ብዙ ወጣት ትንሿን አውሮፕላን እንደ ቅጣት ያያታል። የቮን ሮዘን ታሪክ የሚጠቅመን እዚህ ጋ ነው።

የካውንቱ ልጅ

ቮን ሮዘን የተወለደው ነሐሴ 1909 ስዊድን ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ባለ ማዕረግና ሀብታም ነበር። አባቱ ኤሪክ ቮን ሮዘን አገር አሳሽ ነበር፤ በ1918 ለፊንላንድ አውሮፕላን በስጦታ የሰጠና የፊንላንድ አየር ኃይል የመጀመሪያ አውሮፕላን ባለቤት እንዲሆን ያደረገ ሰው ነው። የእናቱ እህት ደግሞ ያገባችው ኸርማን ጎሪንግን ነው። አዎ፣ በኋላ የሂትለር ቀኝ እጅ የሆነውንና የናዚ አየር ኃይል አዛዡን ጎሪንግ። ይህ ዝምድና ቮን ሮዘንን ዕድሜውን ሙሉ እንደ ጥላ ተከትሎታል።

ልጁ ግን የተደላደለ ኑሮ አልመረጠም። መካኒክነት ተማረ፣ መብረር ተማረ፣ በየከተማው እየዞረ በትንሽ አውሮፕላን ሕዝብ ፊት የአየር ላይ ትርኢት የሚያሳይ አብራሪ ሆነ።

መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ

ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ላከ። ቮን ሮዘን አብሮ መጣ፤ የተሰጠው አውሮፕላን ሄንከል የሚባል አሮጌ ባለ ድርብ ክንፍ ነበር። ሥራው ቁስለኛ ማመላለስ ነው። ማኮብኮቢያ የለም፣ የአየር ሁኔታ የሚነግር የለም፣ ሰማዩ ደግሞ የጣሊያን ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያኖች በደቡብ ግንባር፣ ገናሌ ወንዝ ዳር መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር በቦምብ ደበደቡት። ብዙ ሰው አለቀ። በመጋቢት 1936 ደግሞ ቮን ሮዘን የቀይ መስቀሉን ተወካይ ማርሴል ዡኖን ይዞ ቆረም ሲደርስ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተቀባበት አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንዳለ በቦምብ ወደመ። ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ክንፍ ላይ የተቀባ መስቀል ቦምብ እንደማይመልስ ያየው እዚህ ነው።

ፕሮግራሙን ጥሎ የሄደ አብራሪ

ከኢትዮጵያ በኋላ በሆላንዱ አየር መንገድ ኬኤልኤም ተቀጠረ። አሁን የአየር መንገድ ፓይለት ነው፤ ደሞዝ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ የተጻፈ ፕሮግራም አለ። ብዙ ሰው የሚመኘው ቦታ ደረሰ ማለት ነው።

በ1939 መጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር ግን ሁሉንም ተወው። ዲሲ 2 የሚባል የመንገደኛ አውሮፕላን ገዝቶ ለፊንላንድ ሰጠ፤ አውሮፕላኑ ቦምብ እንዲጥል ተደርጎ ተለወጠና እሱው ራሱ አበረረው። ጀርመን ሆላንድን ከያዘች በኋላ ለእንግሊዝ አየር ኃይል አመለከተ፤ አልተቀበሉትም። ምክንያቱ ከጎሪንግ ጋር ያለው ዝምድና እንደነበር ይነገራል። ቀሪውን የጦርነት ዘመን ለስዊድን አየር መንገድ ሲበር አሳለፈ።

የቢሾፍቱ ዓመታት

ጦርነቱ ሲያልቅ ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን እንደገና ማቋቋም ፈለገች። ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ ስዊድን አዞሩ፤ ቮን ሮዘንም በ1945 ተመልሶ መጣ። እስከ 1956 ድረስ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋምና አብራሪዎችን በማሠልጠን ቆየ። ሰፈሩ ቢሾፍቱ ነበር።

ለምን ቢሾፍቱ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። ቦታ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ያኔ የነበረው ዓይነት ትንሽ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። ቢሾፍቱ ላይ እንኳ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ይብሳል። ለጀማሪ እያንዳንዱ መቶ ሜትር ዋጋ አለው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ እነ ሆራና ባቦጋያ ደግሞ ከአየር ላይ በደንብ የሚለዩ ምልክቶች ናቸው።

ከስዊድን የመጡት አውሮፕላኖች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛዋ ሳፊር፦ ትንሽ፣ ባለ አንድ ሞተር የማሠልጠኛ አውሮፕላን። ሁለተኛው ሳብ 17፦ ከላይ ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል፣ ሁለት ሰው የሚይዝ የጦር አውሮፕላን። ከሁለቱም ኢትዮጵያ ከ40 በላይ ገዝታለች። የሠልጣኙ መንገድ ግልጽ ነበር፤ ሳፊርን ሳትጨርስ ሳብ 17 የለም። ዛሬ አየር መንገድ ውስጥ ያለው ደረጃ በደረጃ የማለፍ ነገር በመሠረቱ ያው ነው።

ሳፊር ለልጆች ብቻ ናት የሚል ካለ ደግሞ መልሱን ራሱ ቮን ሮዘን ሰጠ። በግንቦት 1939 ዓ.ም አንዲት ሳፊር ተጨማሪ ነዳጅ ጭና ከስቶክሆልም አስነሳት፤ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በረራ። አስቡት፤ መነሳትና መወጠር የሌለበት፣ ጠባብ መቀመጫ ላይ አንድ ቀን ከሩብ። አለቃው በዚያች አውሮፕላን ከአውሮፓ ሲመጣ ያየ ሠልጣኝ ሳፊርን ሊንቅ አይችልም።

ይሁን እንጂ የቢሾፍቱ ዘመን ያለ ጠብ አልነበረም። ከእሱ በፊት አብራሪዎችን ሲያሠለጥን የነበረው አፍሪካ አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የበረረ፣ በ1944 ተመልሶ ሥልጠና የጀመረ ሰው ነው። ስዊድኖቹ ሲመጡ ማን አዛዥ ይሁን፣ ማን አውሮፕላኑን ይያዝ በሚል ከረረና በ1947 ሁለቱ እስከ መደባደብ ደረሱ። ቦታውን ያጣው ሮቢንሰን ሆነ። በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ ያለፈውና የተቀበረው አዲስ አበባ ነው። የቮን ሮዘንን ውለታ የሚያነሳ ሁሉ የሮቢንሰንን መዝለል የለበትም።

በነዚያው ዓመታት የኢትዮጵያ አየር መንገድም ተቋቁሟል። የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ሚያዝያ 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲሆን ያበረሩት ከቲደብሊውኤ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የሆኑት በ1957 ነው። በመካከሉ 11 ዓመት አለ። ዛሬ ሁለት ዓመት መጠበቅ የሚከብደው ረዳት አብራሪ ይህችን ቁጥር ቢይዛት ጥሩ ነው።

ትልቁን ትቶ ወደ ትንሹ

ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ ትራንስኤር ለሚባል የስዊድን ኩባንያ በረረ። በኮንጎ ቀውስ ጊዜ ለተባበሩት መንግሥታት ሠርቷል። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ በመስከረም 1961 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞቱ ግን መሪውን የያዘው ሌላ አብራሪ ነበር። በፓይለት ሕይወት ፕሮግራም ማለት አንዳንዴ ይህን ያህል ነው።

በ1968 ቢያፍራ ከናይጄሪያ ተነጥላ በጦርነትና በረሃብ ውስጥ ነበረች። እህል የሚያመላልሱ በረራዎች በጸረ አውሮፕላን ተኩስ ምክንያት ሲቋረጡ፣ ቮን ሮዘን ዲሲ 7 የሚባለውን ባለ አራት ሞተር ትልቅ አውሮፕላን በዛፍ ጫፍ ከፍታ እያበረረ እርዳታ አስገባ።

በቀጣዩ ዓመት ያደረገው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ59 ዓመቱ ኤምኤፍአይ 9 የሚባሉ አምስት ትናንሽ የስፖርት አውሮፕላኖች አስመጣ። ሞተራቸው 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ይይዛሉ። ክንፋቸው ሥር ሮኬት ተገጠመላቸው፤ በግንቦት 1969 ፖርት ሃርኮርትና ሌሎች አየር ማረፊያዎች ላይ የናይጄሪያን አውሮፕላኖች መቱ። ለቢያፍራ ሰዎች ጀግና ሆነ፤ ለናይጄሪያ መንግሥት ደግሞ ቅጥረኛ። እህል ያመላለሰው እጅ ሮኬት መተኮሱን ብዙ ወዳጆቹም አልወደዱለትም። እኛም እዚህ ልንዳኘው አንሞክርም።

ከዚያ የተረፈው ትምህርት ግን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከወሎ ረሃብ በኋላ፣ በ1974 ቮን ሮዘን ኤምኤፍአይ 15 የሚባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ይዞ መጣ። መኪና የማይደርስባቸው፣ ትልቅ አውሮፕላን የማያርፍባቸው መንደሮች አሉ። ስለዚህ የእህሉ ከረጢት ክንፉ ሥር ይንጠለጠላል፣ አብራሪው መሬት ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ ይላል፣ ከረጢቱን ይለቃል፣ ይሄዳል። በቢያፍራ ሮኬት የተሸከመው ክንፍ እዚህ እህል ተሸከመ። ይህን ሥራ ጃምቦ ጀት አይሠራውም።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦርነት ሲጀመር ቮን ሮዘን ለእርዳታ ሥራ ጎዴ ነበር። በደረሰው ጥቃት እዚያው ተገደለ። 67 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያሉ አብዛኞቹ የአየር መንገድ አብራሪዎች ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ናቸው።

ታዲያ ለዛሬው ወጣት ምን ይተርፈዋል?

ነገሩን አናሳምረው። ቮን ሮዘን አውሮፕላኑንም ፕሮግራሙንም መምረጥ የቻለው ካውንት ስለሆነና አውሮፕላን የመግዛት አቅም ስለነበረው ጭምር ነው። ውል ፈርሞ የገባ የአዳማ ልጅ ኬኤልኤምን ጥዬ ፊንላንድ ልሂድ ማለት አይችልም። እሱን የሚመድበው ቢሮ ነው፣ በዓሉን የሚያሳልፍበትን ቦታም ቢሮው ያውቃል። ስለ እረፍትና ስለ ፕሮግራም መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የደከመ አብራሪ ለመንገደኛውም አደጋ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሰውየው ሕይወት በግልጽ ይታያል። ስሙን ያስጠሩት በረራዎች አብዛኞቹ በትንሽ አውሮፕላን የተሠሩ ናቸው፦ በአሮጌው ሄንከል፣ በሳፊር፣ በኤምኤፍአይ። ዝቅ ብሎ መብረርን፣ ሞተሩ ሲደክም ማወቅን፣ ማኮብኮቢያ በሌለበት ማረፍን የሚያስተምረው ትንሹ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ የሚነሳና የሚያርፍ የኪው 400 ረዳት አብራሪ በአንድ ወር የሚያገኘውን የማረፍ ልምምድ፣ ሩቅ አገር የሚበረው ጓደኛው በብዙ ወራት ላያገኘው ይችላል።

ስለዚህ የምደባ ወረቀታችሁ ላይ የተመኛችሁት ትልቁ አውሮፕላን ባይኖር ደብዳቤውን አትጣሉት። ቢሾፍቱ ላይም ቢሆን ሁሉም የጀመረው በሳፊር ነው።