ዊሊያም ባርትራምና የረግረጉ ቀይ አበባ

ከርከዴን የማያውቅ አንባቢ ብዙ አይኖርም። ባሚያና ጥጥም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ረግረጎች ደግሞ የከርከዴ ወንድም የሆነ፣ አበባው ደማቅ ቀይ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ ተክል ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሂቢስከስ ኮክሲኒየስ ነው። በትውልድ ቦታው አይተው በዝርዝር ከጻፉት ቀደምት አጥኚዎች አንዱ ዊሊያም ባርትራም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በዚሁ አካባቢ እርሻ ጀምሮ ከስሮ ነበር።

ዊሊያም በ1739 ዓ.ም (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊላደልፊያ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ ጆን ባርትራም የአገሩን ዕፅዋት ዘር ሰብስቦ በሣጥን ለለንደን ደንበኞቹ የሚልክ ገበሬ ነበር። ልጁ ዕፅዋትን መሣል ሆነለት፤ ንግዱ ግን አልያዘለትም። በ1765 አባትና ልጅ ወደ ደቡብ ተጉዘው እስከ ፍሎሪዳው የሴንት ጆንስ ወንዝ ዘለቁ።

በቀጣዩ ዓመት ዊሊያም በዚያው ወንዝ ዳር ሩዝና ኢንዲጎ ሊያመርት መሬት ይዞ ቀረ። አባቱ ስንቅና መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በባርነት የተያዙ ሰዎችንም ገዝቶ ሰጠው። የዘመኑ ልማድ ነበር ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። መሬቱ ረግረግ፣ ጎረቤት የራቀበት ሲሆን ወጣቱም ታመመ። ዓመት ሳይሞላው ትቶት ወጣ።

በ1773 የለንደኑ ሐኪም ጆን ፎዘርጊል ወጪውን ሸፍኖለት ዕፅዋት ለመሰብሰብ እንደገና ወደ ደቡብ ወረደ። አራት ዓመት ገደማ ካሮላይናን፣ ጆርጂያንና ፍሎሪዳን አቋርጧል። አንድ የሴሚኖል ሕዝብ መሪ አበባ ፈላጊ የሚል ስም አወጣለት። በ1791 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ቀዩ ሂቢስከስ ከ10 እስከ 12 ጫማ፣ ማለትም ከ3 ሜትር በላይ እንደሚያድግ ገልጿል። እርሻውን ያከሰረበት ረግረግ ለዚህ ተክል ምቹ ቤቱ ነበር።

አትክልተኞች ዛሬም የሚያሳድጉት የወንዝ ዳር ኑሮውን በመከተል ነው። ሙሉ ፀሐይና ብስባሽ የበዛበት እርጥብ አፈር ይፈልጋል። ሌላውን አበባ የሚያበሰብስ፣ ውሃ የሚተኛበት ጥግ ለእሱ ይስማማዋል። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ በመሆኑ በብርጭቆ ወረቀት ጫር ተደርጎ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ውርጭ ሲመታው አገዳው እስከ መሬት ቢደርቅም ሥሩ ሕያው ነው፤ ደረቁ አገዳ አዲሱ ቡቃያ ከመውጣቱ በፊት ይቆረጣል። ቡቃያው ሙቀት እስኪገባ ስለሚዘገይ ሞቷል ብሎ ለመንቀል መቸኮል አይገባም። አንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ በበጋው ሌላው እየተካ ለሳምንታት ይቀጥላል። ይህን ስንል ተክሉ ወደ ጣና ዳር ይምጣ ማለታችን አይደለም፤ ባዕድ የውሃ ተክል የሚያደርሰውን በእምቦጭ አይተናል።

ባርትራም ከጉዞው ያመጣው ዘር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው ግን ሌላ ተክል ነው። በ1765 ከአባቱ ጋር በጆርጂያው የአልታማሃ ወንዝ ዳር ያየውን፣ በኋላ ፍራንክሊኒያ የተባለውን ነጭ አበባ ያለው ዛፍ ተመልሶ ዘሩን ወሰደ። ዛፉ ከ1803 ወዲህ በዱር አልታየም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ፍራንክሊኒያ ሁሉ የሚመዘዘው ከባርትራሞች ጓሮ ነው።

በ1777 ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ርቆ አልሄደም። በ1782 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ መምህርነት ቢሰጠውም ጤናውን ምክንያት አድርጎ ተወው። በ1786 ዘር ሊለቅም ከወጣበት ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወንድሙ የሚያስተዳድረውን የቤተሰቡን አትክልት ቦታ እየተንከባከበ፣ የሚጎበኙትን ወጣት ተመራማሪዎች እያስተማረ ኖሮ ሐምሌ 22 ቀን 1823 በ84 ዓመቱ እዚያው አረፈ። ቦታው ዛሬ በፊላደልፊያ ለሕዝብ ክፍት ነው።