ዶክቶር ፓውል ኤርሊኽና ዒላማውን የሚለይ መድኃኒት

በሻኪሶ አካባቢ በወንዝ ዳር ወርቅ ሲታጠብ ያየ ሰው፣ ለአንዲት ፍንጣቂ ሲባል ስንት አፈር እንደሚደፋ ያውቃል። አንዳንድ ጊዜም የተደፋው አፈር እንደገና ቢታጠብ ወርቅ ይገኝበታል። የጀርመኑ ሐኪም የዶክቶር ፓውል ኤርሊኽ ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርሊኽ የተወለዱት በ1854 ዓ. ም. ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ከተማ ነው። ተማሪ ሳሉ ከሁሉ ይልቅ የማረካቸው የጨርቅ ማቅለሚያ ነበር። ቀለሙ አንዱን የሰውነት ክፍል ነክሮ ሌላውን ሳይነካ ማለፉን በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። እንግዲህ ቀለም መርጦ የሚይዝ ከሆነ፣ መድኃኒትም የበሽታውን ተሐዋሲ ብቻ መርጦ ሊመታ ይችላል የሚል ሐሳብ አደረባቸው። በ1891 ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም ወባ ለያዛቸው ሁለት ሕመምተኞች ሰጥተው ፍሬ አገኙበት፤ ወባን ለሚያውቅ የቆላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን የሚያድነው መድኃኒት ራሱ ይጎዳል። ኤርሊኽ ይህን በግምት አልተዉትም፤ በቁጥር መዘኑት። ይኸውም እንስሳው ሊሸከመው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን፣ በሽታውን ለማዳን ከሚበቃው ዝቅተኛ መጠን ጋር ማስተያየት ነው። በ1 አድኖ በ2 የሚገድል መድኃኒት ቢኖር፣ የሐኪሙ እጅ ጥቂት ከሳተ ሕመምተኛው አለቀለት ማለት ነው። በ1 አድኖ በ20 የሚጎዳ ከሆነ ግን እፎይ ያሰኛል። በ1908 ኖቤል ተሸልመዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ይህች ትንሽ ስሌት ከሽልማቱ ትበልጣለች።

በፍራንክፈርት ኬሚስቶቻቸው ከአርሴኒክ መርዝ በመቶ የሚቆጠሩ ቅመሞችን ሠሩ። 606 የሚል ቁጥር የተሰጠው በ1907 ተሠርቶ አይረባም ተብሎ ተጥሎ ነበር። በ1909 ጃፓናዊው ዶክቶር ሳሃቺሮ ሃታ ቂጥኝ በያዛቸው ጥንቸሎች ላይ እንደገና ቢሞክሩት ጥንቸሎቹ ዳኑ።

መድኃኒቱ በ1910 ሳልቫርሳን ተብሎ ወጣ። ብዙዎች ተፈወሱበት፤ የተጎዱና የሞቱም ነበሩ። ነቀፋው ስለ በረታ፣ ለአወሳሰድ የሚቀለውን 914ን በ1912 አወጡ። በ1915 በ61 ዓመታቸው ሲያርፉ ዒላማው ገና በሙሉ አልተመታም ነበር።

ዛሬ ተመራማሪዎች ከሰውነት ሕዋሳት የሚወጡ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ከረጢቶችን መድኃኒት አስይዘው ወደ ዕጢ ለመላክ ይሞክራሉ። በደም ሥር ከተሰጡት አብዛኞቹን ጉበትና ጣፊያ ያስቀሯቸዋል። ስለዚህ የሒሳብ ሊቃውንት ምን ያህል፣ በየስንት ሰዓቱ ቢሰጥ እንደሚሻል በእኩልታ ያሰላሉ። እኩልታው ረጅም ነው፤ በአንድ ወገን ዕጢው የሚያገኘው፣ በሌላው ወገን ጤነኛው አካል የሚቀበለው ይቀመጣል።