ሮበርት ኮክ፦ ሳያድን የቀረው መድኃኒትና የሕፃናት የቲቢ ምርመራ

እኔ ተወልጄ ባደግሁባት በመራዊ ልጅ ከሳ፣ አሳለው፣ ምግብ እምቢ አለ ከተባለ የጎረቤት ምክር አንድና አንድ ነው፤ ደሙን ማስመርመር። ደም ሁሉን ይናገራል ተብሎ ይታመናል። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤተሰብ ጋ በገባሁ ጊዜ የአንዲት ጎረቤታችን ባል የሳንባ ቲቢ ተገኝቶበት መድኃኒት ጀምሮ ነበር። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። እናትየው ጨንቋት ልጁን ይዛ ሄደችና ደሙን አስመረመረች። ንጹህ ነው ተባለች፤ ደስ ብሏት ተመለሰች። ምን ዓይነት ምርመራ እንደተሠራ እሷም አልጠየቀች፣ የነገራትም የለም። ከሳምንታት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር መጥታ ልጁ መከላከያ መድኃኒት ጀምሯል ወይ ብላ ጠየቀች። አልጀመረም። ለምን ቢባል ደሙ ንጹህ ነዋ!

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ለመሆኑ የደም ምርመራ ስለ ሕፃናት ቲቢ ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም? ብዬ ማንበብ ስጀምር መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ወሰደኝ። ሮበርት ኮክ ይባላል። በባዮሎጂ ትምህርት የቲቢን ባክቴሪያ ያገኘው ጀርመናዊ ተብሎ በአንድ መስመር ያለፍነው ሰው ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ከታላቅ ግኝቱ ይልቅ ስለ ታላቅ ስህተቱ ነው። ምክንያቱም በሕፃናት ክንድ ላይ የሚሠራው የቲቢ ምርመራ የተገኘው ከዚያ ስህተት ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኮክ ታኅሣሥ 11 ቀን 1843 ክላውስታል በምትባል የጀርመን የማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ የማዕድን ሥራ ኃላፊ ነበር። ቤቱ አሥራ ሦስት ልጆች የተወለዱበት ትልቅ ቤተሰብ ነው። ስለ ልጅነቱ ከሚነገረው ሁሉ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደስ የሚለው አንድ ነገር አለ። ገና በአምስት ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ጋዜጣ እያየ ማንበብ ለመደ ይባላል። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1866 ተመረቀ፤ በዓመቱም ኤሚ ፍራትስን አገባ። ጌርትሩድ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ።

ከ1872 ጀምሮ ዎልሽታይን በምትባል አነስተኛ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ከተማዋ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። ቀን በሽተኛ ያያል፣ ማታ ደግሞ ሚስቱ በስጦታ በሰጠችው ማይክሮስኮፕ ያፈጣል። ቤተ ሙከራው የገዛ ቤቱ ነበር። በአካባቢው በጎችና ከብቶች በአባሰንጋ ያልቁ ስለነበር በእሱ ላይ አተኮረ፤ በ1876ም የአባሰንጋን ባክቴሪያ የሕይወት ዑደት አሳየ። አንድ የተወሰነ ባክቴሪያ አንድን የተወሰነ በሽታ እንደሚያመጣ በዚህ መልኩ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ከገጠር ሐኪምነት ተነሥቶ በ1880 በርሊን ወዳለው የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

በዚያ ዘመን ከሚሞቱት ሰዎች ከሰባቱ አንዱን የሚገድለው ሳንባ ነቀርሳ እንደሆነ ይነገር ነበር። ብዙ ሰው በዘር የሚወረስ አድርጎ ያየዋል። መጋቢት 24 ቀን 1882 ኮክ በርሊን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ የበሽታውን ባክቴሪያ ቀለም ነክሮ፣ አሳድጎ፣ በእንስሳትም ላይ ሞክሮ ማግኘቱን አስረዳ። ማርች 24 የዓለም የቲቢ ቀን ተብሎ የሚከበረው ለዚህ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግብጽና ሕንድ ወርዶ የኮሌራን ባክቴሪያ አጠና። ስሙ በዓለም ናኘ።

ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 1890 በርሊን ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ እድገት የሚገታ ነገር ማግኘቱን ተናገረ። ሙከራው ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ላይ የተሠራ ነበር። በኅዳር ወር በሰው ላይ የሚሰጠውን መርፌ ይፋ አደረገ፤ ከምን እንደተሠራ ግን ደበቀ። ጋዜጦች መድኃኒት ተገኘ ብለው ጻፉ። ከየአገሩ በሽተኛ በባቡር እየተጫነ በርሊንን አጥለቀለቃት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም፣ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል፣ በየሆስፒታሉ ዞሮ በሽተኞቹን ተመለከተና መድኃኒቱ ገና አልተረጋገጠም የሚል ጥንቃቄ የተሞላበት ዘገባ ጻፈ። እኔ ይህን ሳነብ አፈርኩ። እዚያ ብኖር የትኛውን እጽፍ ነበር ብዬ።

ውጤቱ መራራ ሆነ። በ1891 መጀመሪያ ሩዶልፍ ፊርሾ የተባለው ታዋቂ ሐኪም መርፌውን ወስደው የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምሮ በሽታው እንዳልገታ፣ እንዲያውም ሲዛመት እንደታየ አስታወቀ። ኮክም ምስጢሩን ለመግለጥ ተገደደ። ነገሩ በግሊሰሪን የወጣ የቲቢ ባክቴሪያ ጭማቂ ነበር። ቱበርኩሊን ተባለ። የፈውስ ተስፋ ይዘው የመጡት ብዙዎች እንደመጡ ተመለሱ፤ የሞቱም ነበሩ። በዚያው ሰሞን ትዳሩ ፈርሶ በ1893 ሄድቪግ ፍራይበርግ የምትባል በጣም ወጣት ሴት ማግባቱ ሌላ ሐሜት ጨመረበት።

ነገር ግን ኮክ መርፌውን ራሱ ላይ ሲሞክረው ትኩሳትና ብርድ አንዘፍዝፎት ነበር። በቲቢ ተይዞ በማያውቅ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አይታይም። ለካስ ቱበርኩሊን አያድንም እንጂ ሰውነት ቀደም ሲል ከባክቴሪያው ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ያጋልጣል! ሰውነት ጠላቱን ያስታውሳልና። ይህን ለሕፃናት ያዋለው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነው። በ1907 የልጆችን ቆዳ በስሱ ጭሮ የቱበርኩሊን ጠብታ አደረገበት። ምንም ሕመም የማይታይባቸው ብዙ ልጆች ክንዳቸው ቀልቶ አበጠ። ባክቴሪያው ውስጣቸው ተኝቶ ነበር። ድብቅ ቲቢ የሚለው አነጋገር ከእሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1908 ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ በቆዳ ውስጥ በመርፌ መስጠትን ጀመረ። ዛሬም በዚህ መንገድ ይሠራል። ልጁ ክንዱ ላይ ይወጋል፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሶ እብጠቱ በሚሊሜትር ይለካል።

ምርመራው ግን ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገጠር በእግር ለምትመጣ እናት ይህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ሲወለዱ የሚከተቡት ቢሲጂ፣ ያ ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው፣ ቱበርኩሊኑን ሊያሳስተው ይችላል። ሦስተኛ፣ በጣም የተጎሳቆለ ወይም ኤችአይቪ ያለበት ልጅ በባክቴሪያው ተይዞም ክንዱ ላያብጥ ይችላል።

እንግዲህ የደም ምርመራው የመጣው ከእነዚህ ጉድለቶች አንዳንዶቹን ለመሙላት ነው። ከልጁ ትንሽ ደም ይቀዳና በቢሲጂ ውስጥ ከሌሉ የቲቢ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ጋር ይደባለቃል። በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሌሊት ያድራል። የደሙ ነጭ ሴሎች ባክቴሪያውን ከዚህ በፊት የሚያውቁት ከሆነ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ የሚለካውም እሱ ነው። አንድ ቀን ደም መስጠት ይበቃል፣ ቢሲጂም አያሳስተውም። ሆኖም ዋጋው ውድ ነው፣ የማይቋረጥ መብራትና የተሟላ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይም አንዳንዴ ውጤቱ አዎም አይደለምም ሳይል ይቀራል። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ምርመራ አይደለም። ስለዚህ ደሙ ታየ ማለት ይህ ተሠራለት ማለት እንዳልሆነ ልብ እንበል። ሌላም አለ። በደም ውስጥ የቲቢ ፀረ እንግዳ አካል ፈልገው የቲቢ በሽታን እናገኛለን የሚሉ ምርመራዎችን የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ስለሚያሳስቱ አትጠቀሙባቸው ብሏል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን እንያዝ። ክንድ ላይ የሚሠራውም ሆነ የደሙ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁ ከባክቴሪያው ጋር ተገናኝቷል ወይ የሚለውን። ታሟል ወይ የሚለውን አይመልሱም። ለዚያ የልጁ ሁኔታ፣ ክብደቱ፣ ራጅና አክታ ይታያል። ሕፃን አክታውን ስለሚውጥ ከ2020 ጀምሮ ሰገራው በሞለኪውል መሣሪያ እንዲመረመር የዓለም የጤና ድርጅት ፈቅዷል። የሳንባ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖር ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በበሽታው አለመታመሙ ከታየ፣ የቆዳም የደምም ምርመራ ሳይጠበቅ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል። የጎረቤታችን ልጅ ያጣው ይህንን ነበር።

ወደ ኮክ ልመለስ። በ1896 ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ ሄደ፤ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አገሩን እየፈጀው ነበር። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን ረሃብ ያመጣው፣ ከ1888 ጀምሮ የኢትዮጵያን ከብት የጨረሰው ያው በሽታ ነው፤ ወደ ደቡብ እየወረደ እዚያ የደረሰ። ኮክ ከሞቱ ከብቶች ሐሞት መከላከያ ለማዘጋጀት ሞከረ። በ1901 ለንደን ላይ ደግሞ የከብት ቲቢ ለሰው እምብዛም አያሰጋም ብሎ ሌላ ስህተት ሠራ። ኋላ ላይ የእንግሊዝ አጣሪ ቡድን ባልፈላ ወተት ወደ ልጆች እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። ጥሬ ወተት ለሚወደው የእኛ አገር ሰው ይህ ዛሬም ይሠራል፤ ወተቱን ማፍላት ነው።

በ1905 በቲቢ ላይ በሠራው ሥራ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ግንቦት 27 ቀን 1910 በ66 ዓመቱ ባደን ባደን በምትባል ከተማ በልብ ሕመም አረፈ። አመዱ በርሊን ውስጥ በስሙ በሚጠራው ተቋም ይገኛል። ቱበርኩሊን መድኃኒት ሳይሆን ቀረ፤ ሌሎች ግን ወድቆ ያገኙትን አንሥተው ከመቶ ዓመት በላይ ልጆችን መረመሩበት።

የጎረቤታችን ልጅ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ ታይቶ ደህና ስለነበር መከላከያውን ጀመረ። እናትየው አሁን ከየትኛውም ምርመራ ስትመለስ አንድ ጥያቄ ጠይቃ ነው የምትወጣው፤ ምርመራው ምኑን ነው ያየው? እኛ ጋዜጠኛ ለመሆን የምንማረውም ንጹህ ነው ወይም መድኃኒት ተገኘ የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር ይህንኑ ብንጠይቅ መልካም ይመስለኛል።