ክርስቲያን ዶፕለርና የጽንስ ልብ ትርታ

አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ በሚሆንበት በምን አለሽ ተራ፣ በመዶሻው ሁካታ መካከል አንድ አምቡላንስ ያልፋል እንበል። ሲቃረብ ጩኸቱ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። ምጥ ይዟት በውስጡ ለተኛችው እናት ግን ድምፁ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ በሒሳብ የገለጠው ሰው ክርስቲያን ዶፕለር ይባላል፤ ስሙም ዛሬ በነፍሰ ጡሮች ምርመራ ክፍል ዘወትር ይነሣል።

ዶፕለር በ1803 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳልዝቡርግ ከተማ ከድንጋይ ጠራቢ አባት ተወለደ። ሰውነቱ ደካማ ስለ ነበረ የአባቱን መዶሻ ሊወርስ አልቻለምና ወደ ትምህርት ተላከ። በቪየና ተምሮ ቢያጠናቅቅም ቋሚ ሥራ አጣ፤ በጥጥ ፋብሪካ መዝገብ ያዥ እስከ መሆን ደረሰ። በ1835 ተስፋ ቆርጦ፣ ንብረቱንም ሸጦ፣ ወደ አሜሪካ ሊሰደድ ሲሰናዳ ከፕራግ የመምህርነት ጥሪ ደረሰው።

በዚያች ከተማ በ1842 በሊቃውንት ማኅበር ፊት ቀርቦ፣ ድምፅ ወይም ብርሃን የሚሰጠው ነገር ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዱ እንደሚጠጋጋ፣ ሲርቅም እንደሚራራቅ አስረዳ። የከዋክብት ቀለም የሚለያየው በዚሁ ምክንያት ነው ማለቱ ግን ስሕተት ነበር። ይህንን ለልጆች ስናስተምር ልንሸሽገው አይገባም፤ መርሑ ትክክል፣ ምሳሌው የተሳሳተ ነበርና። በ1845 የሆላንዱ ሊቅ ባይስ ባሎት መለከት ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ፣ ጆሯቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችንም በሐዲዱ ዳር አቁሞ፣ ስለ ድምፅ የተባለው እውነት መሆኑን አረጋገጠ።

ዶፕለር በ1850 የቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ኋላ የዘር ውርስን ሕግ የገለጠው መነኩሴ ግሬጎር ሜንደል ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ነገር ግን የሳንባ ሕመም ጸንቶበት በ1853 በቬኒስ፣ በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

መርሑ ወደ ማኅፀን የደረሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ ነው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን እጅግ ቀጭን ድምፅ ይልካል፤ ከሚመታው የጽንሱ ልብና ከሚፈስሰው ደም ነጥሮ የሚመለሰው ከተላከው ይለያል። ከዚህም ትርታው ይቆጠራል፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ሐኪም ደግሞ በእትብቱ ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት ይለካል። የእንግዴ ልጁ ሥራ ሲታወክ በሁለት ትርታዎች መካከል የሚፈስሰው ደም ያንሳል፤ አንዳንዴም ይቆማል፤ ሲከፋ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሕፃኑ ያለ ጊዜው ቢወለድ የሚያገኘውን ጉዳትና በማኅፀን ቢቆይ የሚያሰጋውን ሞት ማመዛዘን ግድ ይሆንበታል።

የእትብት ፍሰት ምርመራ የደም ግፊት ላለባቸው ወይም ጽንሳቸው በሚገባ ላላደገ እናቶች የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ችግር ለሌለባት እናት ሁሉ ግን ይህን ያህል ጥቅም አልታየበትም። የትርታው መሰማትም ብቻውን የጽንሱን ደኅንነት አያረጋግጥም። ስለዚህ የጽንሷ እንቅስቃሴ የቀነሰባት እናት፣ ከገበያ በተገዛ መሣሪያ በቤቷ ከማዳመጥ ይልቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባታል።