ጆሮው የማይሰማው የቦሮቭስክ መምህር



የምደባው ቀን እየቀረበ ሲመጣ በየመኝታ ክፍሉ ወሬው ሁሉ አንድ ሆኗል። ማን የት ይደርሰው ይሆን? መኪና የማይገባበት፣ መብራት የሌለበት ቦታ ብመደብስ ብሎ የማይሰጋ የለም። እኔም እሰጋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። እንዲህ እያሰብኩ ሳለሁ ነው የአንድ ሩሲያዊ መምህር ታሪክ ያነበብኩት። ለዚህ ዓምድ ላቀርበው ወደድኩ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪን ስለ ሮኬት ያነበበ ሁሉ በስም ያውቀዋል። ሰውየው ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አያውቅም። ወደ 40 ዓመት ገደማ እንጀራው ጠመኔ ነበር።

በ1857 በሪያዛን አውራጃ ኢዥየቭስኮዬ በምትባል መንደር ተወለደ። ዕድሜው 10 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ክረምቱ እንደ ገባ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ውሎ ብርድ መታው። ብርዱ የትኩሳት በሽታ አስከተለበት። ይሞታል ተብሎ ነበር፤ ዳነ፣ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲያ በደንብ አልሰማም። የማይሰማ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። አልሆነለትም፤ ከትምህርት ቤት ወጣ። በ16 ዓመቱ አባቱ ወደ ሞስኮ ላከው። እዚያ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሂሳቡንም ፊዚክሱንም ለብቻው ተማረ። የሚላክለትን ገንዘብ በመጽሐፍና በሙከራ ዕቃ ላይ ይጨርሰውና በ3 ቀን አንድ ጊዜ የ9 ኮፔክ ጥቁር ዳቦ እየገዛ በውኃ ይበላ ነበር። በኋላ በ1879 የመምህርነትን ፈተና በግሉ ተፈትኖ አለፈ። ምደባው ደረሰ፦ ቦሮቭስክ!

ቦሮቭስክ ከሞስኮ በስተ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ፕሮትቫ በሚባል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሂሳብና ጂኦሜትሪ ሊያስተምር በ1880 መጀመሪያ፣ በክረምቱ እኩሌታ ላይ ሄደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ነው፤ በረዶ ስንልም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተንኳኩቶ ከሰዓት በኋላ የሚቀልጠውን ነው። የእነሱ ሌላ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የወረደው በረዶ እስከ መጋቢት አይነሣም። በጨለማው ወር ቀኑ ከ7 ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ መምህሩ ከቤቱ ሲወጣ ሊነጋጋ ይሆናል፣ ሲመለስ ደግሞ መሽቷል። ምድጃው እንጨት ሲበላ ያድራል። ወንዙም ይረጋና ራሱ መንገድ ይሆናል፤ ገበሬው በፈረስ የሚጎተት መንሸራተቻውን እየነዳ በወንዙ ላይ ይሄዳል።

ታዲያ የእኛ መምህር ከትምህርት ሰዓት በኋላ ምን ያደርጋል? ወንዙ ላይ ይወርዳል! በጫማው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ብረት አስሮ ይንሸራተታል። ይህ አልበቃው አለና አንድ ወንበር ሠርቶ፣ ከሥሩ ማንሸራተቻ፣ ከላዩ እንደ ጀልባ ሸራ አቆመለት። ነፋሱ ሲመጣ ወንበሩ በወንዙ ላይ ይበራል። በመንገዱ የሚመጡት የገበሬዎች ፈረሶች ሸራውን ሲያዩ ይደነብራሉ፤ ባለቤቶቹም ስድቡን ያወርዱበታል። እሱ ግን ጆሮው አይሰማ! ብዙ ጊዜ እየተሰደበ መሆኑን እንኳ አላወቀም። ኋላ ሲገባው ግን ገና ፈረስ ከሩቅ ብቅ ሲል ሸራውን አወረደ።

ቤቱም እንደዚያው ነው። የኤሌክትሪክ መሣሪያ በእጁ ሠርቶ ለእንግዶቹ መብረቅ ያሳያቸዋል፣ ደወል ያስደውላል፣ የወረቀት አሻንጉሊት ያስጨፍራል። የማይታይ ማርማላታ ቅመሱ ብሎ ማንኪያ ያቀርባል፤ የጎመጀው ሰው ማንኪያውን ሲነካ ኤሌክትሪክ ያንዘፈዝፈዋል። አንድ ጊዜ በሞቀ አየር የሚነሣ የወረቀት ፊኛ ሲያበር ክሩ ተበጠሰበት። ፊኛው እሳት እየረጨ ሄዶ አንድ ጫማ ሰፊ ቤት ጣሪያ ላይ ዐረፈ፤ ጫማ ሰፊውም ፊኛውን አስሮ አስቀረው። የማስተማሪያ መሣሪያ የለም ብለን ለምናማርር ሰዎች ይህን ጠቅሼ ማለፌ ነው።

ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1881 ስለ ጋዞች ባሕርይ የጻፈውን ወደ ፒተርስቡርግ ምሁራን ላከ። መልሱ ምን ሆነ? የደረሰበት ነገር ቀደም ሲል በሌሎች የተገኘ ነው ተባለ። በዚያች ከተማ ሆኖ ማን ይንገረው! ሌላ ሰው ቢሆን ብዕሩን ይጥል ነበር። እሱ ግን በ1883፣ ከየካቲት 20 ጀምሮ፣ ስበት በማይሰማበት ባዶ ኅዋ ውስጥ ነገሮች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በቀን በቀን እየመዘገበ መጻፍ ያዘ። ከውስጧ የታመቀ ጋዝ በአንድ በኩል ሲወጣ በርሜሏ በሌላ በኩል ትሄዳለች የሚለው ሐሳብ እዚያ ውስጥ አለ። የሮኬት መንገድ ማለት ይኸው ነው። ውጭ በረዶ፣ ቤት ውስጥ ሕፃናት፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ክፍል አለ። ይህ ጽሑፍ በሕይወት ሳለ አልታተመለትም።

መከራውም አልቀረለትም። በ1887 ቤቱ ተቃጠለ፤ ሥዕሉ፣ ሞዴሉ፣ መጽሐፉ ሁሉ ዐመድ ሆነ። በመስኮት የወረወሯት የልብስ ስፌት መኪና ብቻ ተረፈች። ከከተማው ዳር ሌላ ቤት ሲኖሩ ደግሞ በረዶው ቀለጠና ወንዙ ቤት ገባ። ወለሉ ተነሣ፣ ሣህኑ ተንሳፈፈ። ወንበርና አልጋ ደርድረው እንደ ድልድይ ተሻገሩበት። የበረዶው ስባሪ የመስኮቱን ብረት እየመታ ያንቃጭል ነበር።

እዚህ ላይ እኔ ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የእርሱ ታሪክ ሲነገር ሚስቱ ቫርቫራ ትረሳለች። ሲጋቡ በ1880 ሳይሽቀረቀሩ በእግራቸው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ነው ቤተ ክርስቲያን የደረሱት፤ በዚያው ቀን ሙሽራው የብረትና የእንጨት መቅረጫ መኪና ገዛ። ሰባት ልጆች ወለደች። ደመወዙ በብረትና በወረቀት ሲያልቅ ልጆቹን በዚያ ብርድ ማን አለበሳቸው? የስፌት መኪናዋስ ለምን ቀድማ በመስኮት ወጣች? እኔ ሳነብ ያሰብኩት ይህን ነው።

በ1892፣ አሁንም በክረምት፣ ወደ ካሉጋ ተዛወረ። እዚያ ከ1899 ጀምሮ ለልጃገረዶች ፊዚክስ አስተማረ። ኅዋን በሮኬት ስለ መመርመር የጻፈው ታላቅ ጽሑፍ በ1903 ሲታተም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ልጁ ኢግናቲ ራሱን ገድሎ ነበር፤ እንዲህ ባለው ሐዘን ውስጥ ነው ጽሑፉ የወጣው። ጡረታ ተቆርጦለት፣ ክብርም በመጨረሻ መጥቶለት በ1935 ሞተ። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት የተወረወረችው በተወለደ በ100 ዓመቱ፣ በ1957 ነው። በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ከኅዋ በተመለሰ በሁለት ወሩ ካሉጋ ሄዶ በመምህሩ ስም ለሚሠራው ሙዚየም የመሠረት ድንጋይ አኖረ።

የኖረበት የካሉጋ ቤት ከ1936 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። እዚያ ካሉት ዕቃዎች መካከል ራሱ ከቆርቆሮ እየጠቀለለ የሠራቸው የጆሮ ማዳመጫዎች አሉ። አፋቸው ሰፊ ነው፤ ላምባ መቅጃ ይመስላሉ። ሰው ሲያነጋግረው ቀጭኑን ጫፍ ጆሮው ላይ ያደርግና ሰፊውን ወደሚናገረው ሰው ያዞረዋል።